ለአንድ የጥርስ ሽፋን ሁለት ከፋይ

እኔ ምን ዓይነት ደነዝ አሮጊት ነኝ! ሰባ ዓመት አልፎኝ አንዲት መንጋጋ ብትበሰብስ ምን አለበት? በሌላው ጎን ማኘክ ነበር። ነገሩ የሆነው አምና፣ ቡና ለቀማው እንዳለቀ ነው። ፊደል ስለማልቆጥር እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። እስከዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው ደሙ ነው።

ከሊሙ ገነት ጅማ ሄጄ አንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ገባሁ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "እማማ፣ ጥርስዎ አይነቀልም። ሥሩን አክመን ሽፋን እናለብሰዋለን" አለችኝ።

ዋጋውን ጠየቅኳት። የብረቱ ስድስት ሺህ፣ ጥርስ የሚመስለው ነጩ አስራ ሁለት ሺህ፣ ሥሩን ማከሚያው ደግሞ ለብቻው።

"ሙክት ነው እንዴ አፌ ውስጥ የምታስሪው?" አልኳት።

ሳቀች። "ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲገጠም መክፈል ይችላሉ" አለች።

ይህንኑ እንዳለ ለልጆቹ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ተንኮል አማረኝ።

ጀማል ልጄ ነው። ከድር ደግሞ የልጄ የዘይነባ ባል። ሁለቱ አንድ አይሱዙ ገዝተው ቡና ይጭናሉ፣ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ዘይነባ በወንድሟና በባሏ መሐል እንደ ንግሥት ነበረች።

ለጀማል ደወልኩና "ከድር ሙሉውን እከፍላለሁ ብሏል፣ አንተ ተወው" አልኩት። ለከድር ደወልኩና "ጀማል፣ እኔ እያለሁ አማች እናቴን አያሳክምም ብሏል" አልኩት። ሁለቱም እንዲህ አላሉም። ወላሂ፣ ነጩን እንዲያስገቡልኝ ብዬ ነው! እልክ የያዘው ሰው ብረቱን አያስብም።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም መጡ። እኔ ድዴን በመርፌ አደንዝዘውኝ ግማሽ ፊቴ የለም። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብያለሁ።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት "ወላሂ እኔ ነኝ!"፣ "ኧረ ማሎ፣ እባክህ ጀማል፣ እኔ ነኝ!" እየተባባሉ ይገፋፋሉ። ምግብ ቤት ሁሌ የምናየው ነው። ልቤ ሞቀ።

ከዚያ ጀማል የከድርን ብር ነጥቆ መሬት ላይ በተነው። "መጀመሪያ ለሚስትህ ጫማ ግዛ!" አለው።

ከድር ፊቱ ጠቆረ። "አንተ ልጅ ነህ? እናትህ ዓመት ሙሉ ጉንጯን ይዛ ስታቃስት የት ነበርክ?"

ጀማል በቴስታ አነደደው። የከድር አፍንጫ ፈነዳ፣ ነጩ ግድግዳ ደም ለበሰ። ተያይዘው ሲወድቁ የገንዘብ ተቀባይዋ መስታወት ረገፈ። ከድር ከላይ ሆነና ለማሳያ የተቀመጠውን የጀሶ መንጋጋ አንስቶ የጀማልን አፍ መታው። ደገመው። ጀማል ከሥር ሆኖ ስባሪ መስታወት አገኘ፣ የከድርን ክንድ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው።

ሰዉ በሩ ላይ ተኮልኩሎ "ዲሲ! ተው! ዲሲ!" ይላል፣ አንድ የሚጠጋ የለም። እኔ መሐል ገባሁ። "ዋሽቼ ነው!" ልል አፌን ከፈትኩ፣ የደነዘዘ ከንፈር ምን ይላል? ለሃጭ ብቻ። የማን እንደሆነ የማላውቀው ክርን ደረቴን አለኝና ተዘረርኩ። ጥበቃው በዱላ ባይገላግላቸው ይገዳደሉ ነበር።

እንደተዘረርኩ የጀማልን ሁለት የፊት ጥርሶች ከመሬት ለቀምኩ። የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወርውረን የበቀሉለት ናቸው። መዳፌ ላይ ይሞቁ ነበር።

በኋላ ለሽማግሌዎች እውነቱን ተናገርኩ። ምን ቢፈርዱ ጥሩ ነው? ግማሹን ጀማል፣ ግማሹን ከድር ይክፈል! ያው ሐኪሟ ከመጀመሪያው ግማሽ ግማሹን ያለችኝን! ከፈሉ፣ ተገጠመልኝም፤ ነጩ ነው። አጥንት ብሰብርበት ንቅንቅ አይልም። አይሱዙው ግን ተሸጠ። ጀማል ከድር ያለበት ቤት አይገባም።

እንግዲህ ሰው ፊት ሳወራው ቀልድ ነው የሚመስለኝ። ብቻዬን ስሆን ያ ሙቀት መዳፌ ላይ ይመጣብኛል።

ባለፈው ለጎረቤቴ ለአስካለ እየሳቅኩ፣ ቴስታውን ሳይቀር በራሴ እያሳየሁ አወራኋት።

"ስትስቂ አዲሱ ጥርስሽ ያምራል" አለችኝ። "ዘይነባን ግን ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።"