እንቅልፍ የሚያመጣው ድራም

ድራመሩን ሙዚቀኞች ሁሉ «ሹክሹክታ» ይሉታል። አርባ ዓመት ሙሉ ለሌላው ሲመታ ኖሮ፣ የራሱን የጃዝ አልበም ለመቅዳት ስቱዲዮ የገባው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። አንዱን ዜማ ከሳክስፎን ተጫዋች ጋር ለሁለት፣ ሌላውን ለአራት እየሆኑ ከስምንቱ ዜማዎች ሰባቱን ቀድተው ጨረሱ። ስምንተኛውን፣ የልቡን፣ ለመጨረሻው ቀን አቆየው። ፒያኖውን የምትጫወትለት ልጁ ነበረች፤ ባሱን የያዘው ደግሞ ከተናገረ ዓመት የሞላው የሚመስል ዝምተኛ ጓደኛው ነው።

ስቱዲዮው መስኮት የለውም። ግድግዳው ወፍራም ስፖንጅ ለብሷል፣ ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል፤ ቀኑ ራሱ ውጭ የቀረ ይመስላል። ሹክሹክታ የሽቦ ብሩሾቹን አንስቶ የትንሿን ድራም ቆዳ ዳበስ ዳበስ ማድረግ ጀመረ። ፒያኖው ገባ፣ ደህና ሄደ፣ ከዚያ እየዘገየ፣ እየዘገየ መጣ።

«ጋሼ፣ ፒያኖው ወደ ኋላ እየቀረ ነው» አለ የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲያ። «እስኪ አንዴ እንድገመው።»

ደገሙት። በሦስተኛው ላይ ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና አዛጋች። ባለባሱ ሳቁን ዋጠ። አባት ግን አልሳቀም። ይህች ዜማ ካልሆነች አልበሙ ምን ቀረው? የራሴ የሚላት ዜማ እሷ ብቻ ናት።

«ምን ሆንሽ እናቴ? ካልወደድሽው ንገሪኝ» አላት፤ ሆድ ብሶታል።

«ኧረ እወደዋለሁ አባዬ። ግን ያ ብሩሽ... ስሰማው ዓይኔ ይከደናል። ምን ላድርግ፣ በሱ አይደል እያስተኛህ ያሳደግኸኝ?»

ያኔ፣ ልጅቷ ሕፃን ሳለች፣ ያለቻቸው አንዲት ክፍል ነበረች። እናቷ ሆስፒታል ስራ ስትውል እሱ ሕፃኗን እየጠበቀ ይለማመዳል። የድራሙን የእንጨት ዱላ ካነሳ ትነቃበታለች፤ ስለዚህ ድራሙን በፎጣ ሸፍኖ፣ በብሩሽ፣ ትንፋሹን ሳይቀር ቆጥቦ ይመታል። ሰዎች «ይሄ ልስላሴ ከየት መጣ?» እያሉ ያደነቁለት፣ ስም ያወጡለት፣ እንጀራውም የሆነው ያ ነው። ልጅቷ አድጋ ከቤት ከወጣች በኋላም ጠንከር አድርጎ መትቶ አያውቅም። ለማን ብሎ እንደሚጠነቀቅ ራሱም ረስቶት ነበር።

አሁን ብሩሾቹን ድራሙ ላይ አስቀምጦ ልጁን አያት። ከዚያ እጁ ሳያስበው ወደ ብሩሾቹ ሄደ።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለ ባለባሱ። ያን ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ልጅቷ ከፒያኖው ተነስታ መጣች። ብሩሾቹን ከእጁ ወሰደችና ዱላዎቹን አስያዘችው።

«አባዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ነቅቻለሁ እኮ።»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ሄዳ ወንበሯ ላይ እስክትቀመጥ ጠበቃት። ከዚያም በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ከትከሻው በላይ አነሳ።