የፊት ጎማው ዘይት

ትናንት ፒያሳ ቆሜ ሳለሁ አንድ አሮጌ አውቶቡስ የተቃጠለ ዘይት እየሸተተ በአጠገቤ አለፈ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ከነበረው አባቴ ኋላ ተቀምጬ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስንመለስ የሸተተኝ ያው ሽታ ነው። ጥቁር ውሃ ድልድይ ስንቃረብ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባቴ ዳር ያዘና ዘሎ ወረደ፤ ተከተልኩት። የፊት ጎማው መሀል ይጨሳል።

"ደርሰን የለም እንዴ? ቀስ ብለህ ንዳው!" አሉ አንድ ሽማግሌ በመስኮት።

"አይሆንም አባባ፣ ይውረዱ። ጎማውን የያዘው ኩሽኔታ ዘይት ጨርሶ ነዷል። ትንሽ ብንሄድ ጎማው ጥሎን ይሄድ ነበር።"

ጎማ ሰው ጥሎ የት እንደሚሄድ አልገባኝም። ተሳፋሪው ሁሉ እየተጋፋ ሲወርድ ግን ፍርሃት ያዘኝ።

አባቴ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"ጠዋት ዘይቱን ሳላይ ወጣሁ" አለኝ በሹክሹክታ። "ይሄ ሁሉ ሰው! አንቺም ጭምር!"

አባት እንደሚፈራ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከጭሱ ይልቅ የእሱ መፍራት አስፈራኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ቤት ነው። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው "የቱ ቀን?" ይለኛል፤ ፊቱን ግን ያዞርብኛል።