ከጅቡቲ የሚመጡት ካርዶች

ባለፈው ሰሞን ሰመራ በምሠራበት ቢሮ የወረቀት ካርቶን ስከፍት ክዳኑ እጄ ላይ ተቀደደና በውስጡ ያለው ሸንተረር ብቅ አለ። አውራ ጣቴ ሳላዘው ሸንተረሩን ይዞ መሄድ ጀመረ። ማራገቢያው ትኩስ አየር ያመላልሳል፤ ከውጭ ወደ ጅቡቲ የሚያልፉ ከባድ መኪኖች ጡሩንባ ይሰማል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ እንባዬ እየወረደ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ልጅ ሆኜ አዋሽ የባቡር ከተማ ነበረች። አባቴ ጣቢያው ውስጥ ቲኬት ይቆርጣል፤ የጓደኛዬ አባት ደግሞ ሐዲድ ይጠግናል። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ ሙስሊም። ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር እኔና ጓደኛዬ የምንሾልክበት ቀዳዳ ነበረው። በረመዳን እሷ ስትጾም እኔም አጠገቧ ሆኜ ውሃ አልጠጣም ነበር፤ ያውም በአዋሽ ሙቀት! «ጠጪ እንጂ፣ አንቺን ማን አስገደደሽ?» ትለኛለች፤ እኔ ግን እንቢ እላለሁ።

ካርዶቹን የጀመረችው እሷ ናት። አንድ ቀን ከባቡር መስኮት የወደቀ የመጫወቻ ካርታ አገኘች። ጀርባውን የግራር ሙጫ ቀብታ የወንዝ አሸዋ ነሰነሰችበትና ገና ሳይደርቅ በጥፍሯ ግመል ሣለችበት። ግመሉ ፍየል ይመስል ነበር። ሳቅሁባት። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ «እስቲ አንቺ የተሻለ ሥሪ፣ ከዚያ እንለዋወጣለን» አለችኝ።

በዚህ ተጀመረ። ከሱቅ የተጣለ የብስኩት ካርቶን በካርታው ልክ እንቆርጣለን። ላዩ ላይ ያገኘነውን ሁሉ እንለጥፋለን፤ የተተረተረ የጆንያ ክር፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት፣ ጎሚስታው የጣለው የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ፣ ከተበላሸ ካሴት የተመዘዘ ቡናማ ክር። የለስላሳ ቆርኪ ሐዲዱ ላይ እናስቀምጥና ባቡሩ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ጨፍልቆት ሲሄድ እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ፣ ገና እየፈጀ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥን እናነሳዋለን። እሱ ለፀሐይ ይሆናል፤ ሲሻን ለዓሣ። ቀኑን ሙሉ የዱቄት ማጣበቂያና የተቃጠለ የሐዲድ ዘይት እንሸት ነበር።

ጽሑፍ አንጽፍበትም። እኔ አንድ ጊዜ ስሜን ልጽፍ ስል እርሳሱን ነጠቀችኝ። «ጽሑፍማ ደብተር ላይ ሞልቷል» አለች።

እናቷ ግን አልወደዱልንም። «እናንተ ቆሻሻ ለቃሚዎች! ይሄን ሁሉ ሰብስቤ ከሰል ሳላያይዝበት!» እያሉ በመጥረጊያ ያባርሩናል። እኛም በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከን ጣቢያው ጥላ ሥር እንቀመጥና ሥራችንን እንቀጥላለን።

ከፍ ስንል ባቡሩ መዘግየት አመጣ፤ ቀጥሎ መቅረት ጀመረ። ወሬው ሁሉ የጅቡቲ መንገድ ሆነ። ቦቴውና ተሳቢው ሌት ተቀን ይወርዳል፣ ሐዲዱ ላይ ፍየሎች ይተኛሉ። የጓደኛዬ አባት ሥራ ፈትተው ቤት ዋሉ፤ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም መዶሻቸውን ይዘው ሐዲዱን ሊያዩ ይወጡ ነበር። ማንም ተው አላላቸውም። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት። ጅቡቲ ሰው ቤት ልትቀጠር ወሰነች።

የወሰዳት አጎቷ ነው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ የቦቴ ሾፌር። የሄደችበት ጠዋት ነፋሱ አቧራ እያነሳ ዓይን አያስገልጥም ነበር። እናቷ አንገቷን አቅፈው አልለቅ አሉ። እኔ የምለው ጠፍቶኝ፣

«ሰው ቤት እየሠራሽ ለካርድ ጊዜ ታገኛለሽ?» አልኳት።

«ካርቶን የሌለበት ሀገር የለም» አለችኝና ሳቀች። «እዚያ ደግሞ ባሕር አለ። የባሕር ካርድ እልክልሻለሁ።»

ላከችልኝ። አጎቷ በተመለሰ ቁጥር በፌስታል የተጠቀለለ አንድ ካርድ ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔም የሠራሁትን እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ የተፈጨ ዛጎልና የመረብ ቁራጭ ነበረበት፤ ሳሸተው ጨው ጨው አለኝ። ሌላው ከሩዝ ከረጢት የተሠራ ነው፤ የወለል መወልወያ ክር እንደ ፀጉር ተጎንጉኖ ተለጥፎበታል። ስቄ ስቄ ልሞት ነበር፤ የምትወለውለውን ወለል እየሰደበች እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም መልሼ የአዋሽን ገደል ሠርቼ ላክሁላት፤ ገደሉን በተደራረበ ካርቶን፣ ወንዙን በካሴት ክር።

እናቷ ካርዱ በመጣ ቁጥር አጥሩን ዞረው ይመጣሉ።

«ምን አለች?»

«ምንም አልተጻፈበትም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ይሁነኝ ብላ ላከችው?» ይሉና እያጉረመረሙ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ግን እርምጃቸው ቀለል ይል ነበር።

አሁን በቢሮዬ መስኮት ያው መንገድ ይታየኛል። ቦቴዎቹ ተከታትለው ያልፋሉ። ሾፌሮቹን ሁሉ አያለሁ፤ ለምን እንደማያቸው እኔም አላውቅም።

አንድ ጊዜ አጎቷ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የተሠራ ካርድ አመጣልኝ። አሸዋ ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ክር አግድም ተለጥፏል። የአጎቷ ፊት ደስ አላለኝም።

«ማዶ፣ ዓረብ አገር ልሻገር ነው ትላለች» አለኝ። «የተሻለ ሥራ አለ ብለዋታል። ተይ ብዬ ለምኛት ነበር። ለእህቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ነገራቸው። እናቷ ሰላታቸውን ከሰገዱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ለረጅም ሰዓት ዱዓ ሲያደርጉ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። እኔም በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለት ተሳልኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ካርድ ሠርቼ፣ ሳትሻገር እንዲደርሳት ለአጎቷ ሰጠሁት።

ሲመለስ ሁልጊዜ ከተማው መግቢያ ላይ ጡሩንባ ያሰማ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላሰማም። ቦቴውን አርቆ አቁሞ በእግሩ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ከእጁ ላይ የራሴን ካርድ አየሁት፣ እኔ በጠቀለልኩበት ፌስታል፣ እኔ እንደቋጠርኩት።

«ጋሼ፣ አላገኘሃትም?»

ራሱን ነቀነቀ። የጅቡቲ ጠረፍ ከሆነችው ከኦቦክ ወዲያ ካለው የባሕር ዳርቻ ሌሊት የተነሳችው ጀልባ ማዶ አልደረሰችም። አንዲት አብራት የነበረች ልጅን ዓሣ አጥማጆች አውጥተዋታል፤ የነገረችው እሷ ናት። ይህን ብሎኝ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። እናቷ ጫማውን ሲያወልቅ ጠብቀው «ምነው ቀረህ?» ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን መናገር አልችልም።

የሚቀበር አልነበረም። ወንዶቹ መስጊድ ሰገዱላት፤ እኛ ሴቶቹ ጓሮው ውስጥ ጆንያ አንጥፈን ተቀመጥን። የኔ እናት የሷን እናት ደግፋ ይዛ ዋለች። «አላህ ነው የሰጠኝ፣ አላህ ነው የወሰደብኝ» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ዋና እኮ አትችልም» ይላሉ።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ጠዋት እናቷ ቤታችን መጡ። ከስተው ሻርፓቸው ትከሻቸው ላይ አይረጋም።

«እነዚያን ነገሮች እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ።

አምጥቼ አልጋው ላይ ደረደርኩላቸው። አንዱንም አልናቁም። አንድ በአንድ እያነሱ ብርሃን ወዳለበት በሩ ጋ ይዘው ያዩታል፤ በጣታቸው ይዳስሱታል። የመወልወያው ክር ላይ ሲደርሱ ጉንጉኑን ነካ ነካ አድርገው «ይሄንን ጉንጉን እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉ።

«የመጨረሻው የትኛው ነው?»

የአሸዋውን ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን ነጩ ክር ላይ አስኬዱ። ክሩ ሲጀምር ቀጥ ብሎ፣ ኋላ ወደ ታች ያዘነብላል። እኔ ያንን ካርድ ስንት ጊዜ አይቼው ማዕበል ይመስለኝ ነበር።

«እዚህ ጋ ደክሟታል» አሉ።

«እንዴት አወቁ፣ እማማ?»

«ከልጅነቷም ሲደክማት እጇ ይዘምባታል። ቂጣ ስታድበለብልም እንዲሁ ናት። ደክሟት ነው የሠራችው፤ ሥራ ውላ፣ ሳትተኛ።»

«ይውሰዱት» አልኳቸው። «ከፈለጉ ሁሉንም ይውሰዱ።»

«የቀሩት ያንቺ ናቸው» አሉኝ።

ያቺኑ አንዷን በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ለመሄድ ግን አልተነሱም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጓት ጀመር።