ያልተረጎምኩት ግማሽ

ዐረብ አገር፣ መንፉሐ የሚባል ሰፈር ውስጥ አምስት ሆነን በምንኖርባት ክፍል ዐረብኛ አቀላጥፎ የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ። የከፊሌን፣ የአሠሪዬን፣ ልጆች ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ሳመላልስ ነው የለመድኩት። በኋላ ከእሱ ጠፍቼ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ቀረሁ፤ ቋንቋው ግን ቀረልኝ። ቀጣሪ ለማናገርም ሐኪም ቤት ለመሄድም የሚይዙት እኔን ነበር። ያለ እኔ አፍ የላቸውም እያልኩ እኮራ ነበር።

ሄሮይንም እንወጋ ነበር፣ አምስታችንም። ፋርማሲ ገብቶ መርፌ መጠየቅ ኑና ያዙኝ ማለት ስለሚመስለን በአንዱ መርፌ በተራ እንጠቀማለን።

ከሁሉም የምቀርበው አንድ ግንበኛ የወሎ ልጅ ነበር። አንድ ሰሞን ምግብ እምቢ አለው፣ ሰውነቱ ዛለ። ፉጣ የሚባል ሰፈር ውስጥ ኢቃማ የማይጠይቅ ሱዳናዊ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስ ደሙ ውስጥ ተገኘ። ከስድስት ወር በኋላ ለድጋሚ ምርመራ ውጤት ስንመለስ ሐኪሙ ሁለት ነገር ተናገረ። መጀመሪያ፣ ሰውነቱ ራሱ ተዋግቶ ቫይረሱን አስወጥቶታል፤ የቀረው የውጊያው ምልክት ብቻ ነው፤ ዕድለኛ ነው አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይህ ምልክት አይጠብቀውም፣ እንደ ኩፍኝ አንዴ ከወጣለት አይመለስም ብሎ እንዳያስብ፣ ሌላ ሰው በተወጋበት መርፌ ከተወጋ እንደገና ይይዘዋል አለ።

እኔ የመጀመሪያውን ነገርኩት። "ወንድሜ፣ ደምህ አሸንፎታል! ኸላስ፣ አለቀ!"

አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሁለተኛውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው፤ ቤት ስንደርስ እነግረዋለሁ አልኩ። ቤት ስንደርስ ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት ደስታውን ማበላሸት ከበደኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጓደኛዬ ሞኝ አልነበረም፤ የውጤቱን ወረቀት ግን አጣጥፎ ከኪሱ አይለየውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ተራችንን ቀየረው።

"እናንተ ቅደሙ፣ እኔ መጨረሻ ልሁን" ይላል። "እኔን ወላሂ አይነካኝም፤ ደሜ ለምዶታል።"

ከእሱ ፊት ያለው ተራ የእኔ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ በፊት ስለምወጋ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛውን ሳልነግረው ክንዴን ዘረጋሁ፤ ብዙ ጊዜ።

ዓመት ሳይሞላ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ከአራታችን ከማን እንደተላለፈበት አላውቅም፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተመረመርኩም።

ያው ሐኪም አዲሱን ውጤት አይቶ ቫይረሱ ተመልሶ ገብቷል አለ። የሚያድን እንክብል አለ፤ የሚሰጠው ሆስፒታል ግን ኢቃማ ይጠይቃል። ኢቃማ ለሌለው ለእሱ ደግሞ እዚያ በር ላይ መታየት ተርሒል፣ ወደ አገር መባረር፣ ነው። ይህን አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። ከዚያ ሐኪሙ ተቆጣ፤ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አንድ ነገር ጠየቀው።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለ?"

"ያኔ ነግሬህ አልነበረም ወይ ነው የሚልህ" አልኩት።

"ምኑን ነው የነገረኝ?"

"እንደገና ሊይዝህ እንደሚችል። ለእኔ ነግሮኝ ነበር።"

የተጣጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"እሺ" አለኝ፣ "የቀረውን አሁን ተርጉምልኝ።"