ለሠርፀ ያልተነገረው

ተናኘ ክፉ ወሬ ከአፏ ማውጣት አይሆንላትም። ጁባ ወደብ አጠገብ ባላት ምግብ ቤት ጥብስ ሲያልቅ እንኳ «አልቋል» አትልም፤ «ትንሽ ይቆያል» ነው የምትለው። ባርጅ ከሚባለው የጭነት ጀልባ ላይ ሲሚንቶና ማሽላ የሚያወርዱት ደንበኞቿ ጠባይዋን ስለለመዱት፣ «ትንሽ ይቆያል» ስትላቸው ስቀው ሌላ ነገር ያዛሉ። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አትችልም። ደግ ሴት ናት። ደግነት ግን እንዲህ ሲበዛ የሚያስፈራ ነገር አለው፤ ፍዳው የወረደውም ባሏ ላይ ነው።

ባሏ ሠርፀ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ጁባ የምትጠጣው ከናይል ተቀድቶ በቦቴ የሚዞርላትን ነው፤ ስለዚህ እነሱ በሚኖሩበት በአትላባራ ሰፈር ሠርፀ አንድ ቀን ከቀረ ልብስ ሳይታጠብ፣ ድስት ሳይጣድ ይዋላል። ሰውየው ይህን ስለሚያውቅ ትንሽ ይጀነን ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ሐምሌ ላይ ከተማዋ በተኩስ ስትናጥ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወርዶ ነበር። ጥይቷ ከየት እንደመጣች እስከዛሬ አልታወቀም። የመኪናውን በር በስታ ወገቡ ላይ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ሠርፀ ከወገቡ በታች የራሱ አይደለም። እግሩን ብትቆነጥጠው አያውቅም። የምታጥበው፣ የምታገላብጠው፣ ጀርባው እንዳይቆስል ቅባት የምትቀባው ተናኘ ናት። አገር ቤት ውሰጂው ብለው የመከሯት ብዙ ናቸው፤ እሱ ግን «በእግሬ ወጥቼ በቃሬዛ አልገባም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ልጅ የላቸውም። ተናኘ ሐኪም ቤቱንም ጸበሉንም አዳርሳ አሁን ነገሩን ትታዋለች፤ ማለትም፣ ትቼዋለሁ ትላለች።

በሚቀጥለው ዓመት አትላባራ ውስጥ አንድ ሰው አጥሩ ረጅም ግቢ ተከራየ። ምንም ጽሑፍ አልተለጠፈበትም፤ ክሊኒክ ነው ተባለ። ባለቤቱ አገሩ የማይታወቅ ከዋጃ ነው፤ ነጭ ሰውን ጁባ እንዲህ ነው የምትጠራው። የሰፈሩ ሰዎች «ፕሮፌሰሩ» አሉት። ከተማው ነዳጅ አጥቶ በጨለማ ሲቀመጥ የዚያ ግቢ ጄኔሬተር አንድም ቀን አይጠፋም። ለምን ሲባል ዘበኛው «ውስጥ የሚተኙ አሉ» ይላል። ተኝቶ የሚታከም ሰው ሲገባም ሲወጣም ግን ያየ የለም።

ፕሮፌሰሩ የሠርፀን ነገር ሰምቶ በገዛ ፈቃዱ ቤታቸው መጣ። ያስተረጎመችው ኛጋት ናት። ኛጋት ወላጆቿ ከጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ያሳደጓት የኑዌር ልጅ ናት፤ አገሯ ነጻ ከወጣ በኋላ ተመልሳ አሁን ተናኘ ምግብ ቤት ትሠራለች። አማርኛዋ ካሳንቺስ ያደገች ነው የሚመስለው።

«ገና ሰው ካልሆነ ፅንስ የሚወሰድ ሴል ነው ይላል» አለች ኛጋት። «ስቴም ሴል ይሉታል። ነርቭም፣ ሥጋም፣ አጥንትም መሆን ይችላል። ወገቡ ላይ ሲወጋ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ደግሞ ጋሽ ሠርፀን በነጻ ነው የማክመው ይላል።»

«ፅንሱ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች ተናኘ።

ኛጋት ጠየቀችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ አጠር ያለ ነገር መለሰ።

«ከማይፈልጉት ሰዎች ነው ይላል።»

ተናኘ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሠርፀ ግን ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘው፤ ይቀጥላል የሚለውን። ከቆሰለ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲበራ አላየችም። ያን ዕለት ምሳውን ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ተናኘ ምግብ ቤት ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ የምትበላ ዶክተር ፀደንያ የምትባል አበሻ ሐኪም አለች፤ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ተናኘ ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ፀደንያ የጎረሰችውን እንኳ በቅጡ ሳታላምጥ መብላቷን አቆመች።

«ስቴም ሴል የሚባለው ነገር ውሸት አይደለም» አለች። «ከፅንስ የሚወሰደው የምር ጉልበት አለው፤ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ዕድሜያቸውን እየሰጡት ነው። አንድ ቀን ብዙ ሰው ያድን ይሆናል። አሁን ግን ገና ሙከራ ላይ ነው፣ ተናኘ። እንደ ሠርፀ ያለውን ሰው አስነስቶ የሚያስኬድ መድኃኒት የትም አገር የለም።»

«ከማይፈልጉት ሰዎች ነው ያለውስ?»

«መውለድ ያቃታቸው ባልና ሚስት ላቦራቶሪ ውስጥ ፅንስ ይሠራላቸዋል። የጥቂት ቀን ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። ልጅ ካገኙ በኋላ የተረፈው በረዶ ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንዶቹ ለምርምር ይዋል ብለው ይፈቅዳሉ። ሴሉ ሲወሰድ ፅንሱ እዚያው ያበቃል። ነፍስ ማጥፋት ነው የሚል አለ፤ ገና ሰው አይደለም፣ የታመመ ይዳንበት የሚልም አለ። በዚህ እስካሁን አልተስማሙም። ለዚህ ነው ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ፣ ተቆጣጣሪ ሳያየው የማይነካው። ያ ሰውዬ ግን ማንን ጠየቀ? ያለው ነገር ፅንስ ይሁን፣ የከብት ደም ይሁን፣ በምን እናውቃለን?»

ተናኘ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ላይ ተቸክላ ቀርታለች።

«የተረፈ?» አለች። «ልጅ ይተርፋል እንዴ?»

ፀደንያ ጎንበስ ብላ የተናኘን እጅ ያዘችና ዋናውን ተናገረች። «ስሚኝ። ሁሉን መሆን የሚችል ሴል በደንብ ካልተገራ ቁም የሚለው የለም። ወገቡ ላይ ዝም ብሎ ሊያድግ ይችላል። ዕጢ ይሆናል፤ ሊገድለው ይችላል። እንዳታስነኩት። ለሠርፀ ዛሬውኑ ንገሪው።»

እዚህ ላይ ተናኘ ቀጥ ብላ ቤቷ ሄዳ ብትናገር ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባለቀ። እሷ ግን የሄደችው ጋሽ ኃይለመለኮት ዘንድ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራቸው ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢ ናቸው፤ ሆቴል አላቸው፣ አንደበታቸው የተከበረ ነው። ሰምተው ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።

«ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» አሉ በመጨረሻ። «በዚህች ተስፋ አይደል እህል የቀመሰው? ነግረሽው ያን ዕለት ልቡ ቢቆምስ? መድኃኒቱ ገና አልገባም በይው። ቀን ሲገፋ እሱም ይረሳዋል።»

ተናኘ ዕፎይ አለች። ይህንኑ እንዲሏት ነበር የሄደችውም። ለሠርፀ «መድኃኒቱ ኤርፖርት ተይዟል፣ ትንሽ ይቆያል» አለችው። ለኛጋት ደግሞ ጭራሽ አልነገረቻትም፤ ፊቷ ምስጢር አይችልም ብላ። እንዲህ ነን እኛ። ሞቱን የሚሞተው ሰውየው ራሱ ሆኖ ሳለ ወሬውን ከእሱ በቀር ሁሉም ያውቀዋል።

ሠርፀ ግን የሚረሳ ሰው አልነበረም። ጠዋት ማታ «ገባ?» ነው ጥያቄው። እሷም «ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ ተናኘ አልጋውን ባዶ አገኘችው።

አንሶላው ቀዝቅዟል። ጮኸች። ጎረቤቶቿ ወጡ፤ አንዷ «መኪና መጥቶ ወሰደው፣ ኛጋት አብራው አለች» አለቻት። ወዴት ብላ አልጠየቀችም። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቆ ሳይታወቃት ያ ረጅም አጥር ድረስ ሮጠች። በሩን ደበደበች። ከውስጥ የጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «ማማ፣ ከላስ» አላት፤ አብቅቷል ማለቱ ነው።

ወዲያው ሠርፀን በመኪናው ቤቷ ድረስ አመጡላት። ወገቡ በነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል፣ ፊቱ ፈክቷል።

«ተናዬ፣ ድንገት ላስደስትሽ ብዬ ነው! ኛጋትን አስደውዬ ፕሮፌሰሩን ብጠይቀው መድኃኒቱ ድሮም እዚሁ ነበር አላለም? ኤርፖርት ያሉሽ ሰዎች ሲያታልሉሽ ነው የከረሙት። አሁን እግሬን ሞቅ ሞቅ ይለኛል፣ እመቤቴን!»

ተናኘ ሳቀች። በዚያች ሰዓት እንዴት እንደሳቀች ራሷም አታውቅም። ኛጋትን ጓሮ ወስዳ ግን ሁሉንም አፈረጠችላት። ኛጋት የውሃ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች።

«በእጄ ደግፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ ተናኘ። ምነው አንድ ቃል ቢነግሩኝ? እኛ ጋ የታመመ ሰው ይነገረዋል፤ ከልጆቹ ጋር ተነጋግሮ፣ የሚያደርገውን ያደርጋል። እርስዎ እንደ ሕፃን ነው ያደረጉት።»

«አሁን ከተወጋ በኋላማ ብነግረው ምን ይረባዋል?» አለች ተናኘ። ይህም ሌላ ሰበብ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ፕሮፌሰሩ በየት በኩል እንደወጣ ያየ የለም። የቀረው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ደመወዙን ሳያገኝ ቀርቶ ተናዶ፣ ፍሪጁ ውስጥ የነበሩትን ትንንሽ ጠርሙሶች በማዳበሪያ ሞልቶ ወንዝ ውስጥ እንደደፋቸው ወደብ መጥቶ ተናገረ። ተናኘ ያን ቀን ቦቴው የቀዳላትን ውሃ እያየች ማማተብ አበዛች። የሰው ልጆች ይሁኑ፣ የከብት ደም ይሁን፣ ለማን ትጸልይ?

ክረምቱ ሲገባ ሠርፀን ስታጥበው እጇ የፋሻው ቦታ ላይ ቆመ። ከቆዳው ሥር አንድ ነገር አለ፤ የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ቅባቱን ቀባችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ በታጠበ ቁጥር እጇ ያንን ቦታ ይፈልጋል፤ ባገኘው ቁጥርም ጨምሯል። ሎሚ ሲያህል ሠርፀ ራሱ እጁን ወደ ኋላ ልኮ አገኘው።

«ተናዬ! ነይ፣ ነይ ዳብሺው! ይኸው በቀለ እኮ። ነርቩ ነው፣ እያደገ ነው!» አለ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። «ስንት ዘመን ስንለምን፣ ለካ የማረግዘው እኔ ነኝ!»

ዳበሰችው። ይሞቃል። ልብሱን መልሳ አለበሰችውና ወደ ፀደንያ ሮጠች።

ፀደንያ ቤት መጥታ አየችው፤ ፊት ለፊቱ ምንም አላለችም፣ በር ላይ ነው የተናገረችው። «በአስቸኳይ አዲስ አበባ ሄዶ ራጅ ይነሣ፣ ይወጣለት። ውሎ ካደረ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ያኔ እጁንም ትንፋሹንም ይይዘዋል። ግን የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ተናኘ ገብታ «እስቲ አዲስ አበባ ሐኪም ይይህ» ብትለው ሠርፀ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምኑን ነው የሚያየው? ሊቆርጡብኝ? ገና አሁን እየዳንኩ! ይህን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ጠላት ነው፤ አንቺም ብትሆኚ።»

እንግዲህ መንገዱ ሁሉ አለቀ። ካልተነገረው አይሄድም፤ ካልሄደ ይሞታል። ተናኘ አሁንም ብቻዋን አልደፈረችም፤ ጋሽ ኃይለመለኮትን ለመነቻቸው። እሳቸውም ሁለት ማኅበርተኞች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጎህ ሲቀድ መጡ። ከሦስቱ አንዳቸው እንኳ ሲገባ ቀና ብሎ ሰላም አላለም።

ሠርፀ ክርኑን ተደግፎ በየተራ አያቸው። አበሻ ነውና በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

«ማን ሞተ?» አለ። «እናቴ ናት?»

ጋሽ ኃይለመለኮት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «አይ፣ እንዲያው... ልንጠይቅህ ብለን ነው» አሉና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ተናኘ ያኔ መንገሩ የእሷ እንደሆነ ገባት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማንም አልሞተም፣ ሠርፄ። ጀርባህ ላይ ያለው ነርቭ አይደለም። ዕጢ ነው። ካልወጣ ይገድልሃል።»

ሠርፀ ሽማግሌዎቹን ተመለከተ። አንድም የደነገጠ ፊት አላየም። ዓይኑን ወደ ሚስቱ መለሰ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር።

«ሳትወጋ በፊት» አለች።

ሠርፀ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ጀርባውን ለእሷ ለመስጠት ክርኑን አጥብቆ ተደገፈና ሞከረ፤ ወገቡ አልታዘዘውም፤ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ወደ ጣሪያው እያየ፦

«ወደ ግድግዳው አዙሪኝ» አለ።

ተናኘ ተነሣች። አንድ እጇን ከትከሻው ሥር፣ አንዱን ከጭኑ ሥር አድርጋ፣ እብጠቱን እንዳትነካው እየተጠነቀቀች አዞረችው።