ዓይኗ የበራላት እህት

ራስ ምታቱ ከጀመረኝ ሰነባብቶ ነበር። እዚሁ ሶዶ፣ ቸርች ተንበርክኬ ግንባሬን ወንበሩ ላይ ስደፋ ዓይኔ ድርግም ይልብኛል፤ ቀና ስል ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህንኑ ለአንዲት የጸሎት ቡድናችን እህት ብነግራት እልልታዋን አቀለጠችው። "ተንበርክከሽ ነው የበራልሽ፤ መስክሪ!" አለችኝ። ማይክ ሰጡኝ፣ መሰከርኩ፣ ጉባኤው አሜን አለ። መጀመሪያ ለምን እንደሚጨልም የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት መሄድ ጌታን ማማት ሆነ። እናቴ እንኳ ከበዴሳ ደውላ "ምስክርነትሽን እንዳታፈርሺ" አለችኝ።

አስተማሪ ነኝ። በግራና በቀኝ የተቀመጡት ተማሪዎች ከዓይኔ ሲጠፉ ግን ሄድኩ። ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት አየና፣ አንጎሌን የከበበው ፈሳሽ ግፊቱ ጨምሮ የዓይኔን ነርቭ እንደጎዳው ነገረኝ።

"ስታጎነብሺ የሚጨልምብሽ ማስጠንቀቂያው ነበር" አለ። "ግፊቱን በመድኃኒት እንቀንሳለን። የጠፋውን ግን አንመልሰውም።"

ለማን ይነገራል? ባለፈው እሁድ ከቤሌ ለመጡ እንግዶች "ዓይኗ የበራላት እህታችን ትመስክር" ተባለ። እስከ መድረኩ እጄን ይዘው ወሰዱኝ።