በአንድ ቀን ዐሥራ ሰባት ግልባጭ

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በፍርድ ቤት ግልባጭ ጸሐፊ ነበርሁ። ዘመኑ ቢርቅም ነገሩ ከልቤ ያልወጣው፣ ባስታወስሁት ቁጥር መጀመሪያ ስለሚያስቀኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ሥራዬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ባለጉዳይ የውሳኔ ግልባጭ ሲጠይቅ መዝገቡን ከመዝገብ ቤት አወጣለሁ፤ በጽሕፈት መኪና እገለብጣለሁ፤ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ አስፈርማለሁ፤ ማኅተም አስመትቼ መዝገቡን እመልስና ቀጣዩን ሰው እጠራለሁ። ውሳኔዎቹ አጫጭር ቢሆኑም በቀን አምስት ካወጣሁ ጥሩ ዋልሁ እል ነበር። ከገጠር በእግሩ የመጣ ሰው ግን በረንዳው ላይ ሦስት አራት ቀን ይሰነብታል።

አለቃዬ ግራዝማች ታፈረ አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ክረምቱ ሳይጠና ይህ ክምር ካልቀለለ፣ ጅጋ ተመልሰህ የአባትህን በሬ ትጠምዳለህ» አሉኝ። እንደማይቀልዱ አውቃለሁ።

በነጋታው ከባለጉዳዮቹ መካከል እሜቴ የሺ የሚባሉ የሽንዲ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም እርሻቸውን ይዞባቸው ተከራክረው ረትተውታል። ሰውየው ግን «ወረቀቱን ካላየሁ አልለቅም» ብሏል። ሰኔ ገብቷል። ግልባጩ ሳይደርስ እሱ ከዘራበት ዓመቱ አመለጣቸው ማለት ነው። ለዚሁ ወረቀት ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው።

መስኮቴ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ረፋዱ ላይ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብናገር ትቆጣኛለህ?» አሉኝ።

«ይናገሩ እሜቴ።»

«ከጧት ጀምሬ ሳይህ ስትነሣ ስትቀመጥ ነው። እኔ ከሽንዲ እዚህ ስመጣ የዚህን ያህል አልሄድሁም።»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። የእኔ ፊት ጋለ። «ሥራው እንዲህ ነው» አልኋቸው፣ ቆጣ ብዬ።

«የቢሮ ሥራ አላውቅም» አሉ። «የማውቀው ጥጥ ነው። አንድ ቀን ስንዳምጥ፣ ፍሬውን ስናወጣ እንውላለን። አንድ ቀን ስናባዝት እንውላለን። ከዚያ ቁጭ ብሎ መፍተል ነው። አንዲት እፍኝ ዳምጦ፣ እሷኑ አባዝቶ፣ እሷኑ ፈትሎ፣ እንደገና ሊዳምጥ የሚነሣ ሰው ጋቢ አይለብስም።»

ትንሽ ተቀምጬ አሰብሁና ወረቀት ይዤ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ያለውን ሰው ስም ጻፍሁ። ዐሥራ ሰባት ሆኑ። መዝገብ ቤት ገብቼ የዐሥራ ሰባቱንም መዝገብ መፈለግ ጀመርሁ።

በመሐል ሰማዩ ሲጠቁር አየሁና በመስኮቱ ብቅ ብዬ፣ «እሜቴ፣ የእርስዎን አስቀድሜ ላውጣልዎ» አልኋቸው።

«ተው ልጄ። ለእኔ ብለህ ከተነሣህ ለሌላውም ትነሣለህ» አሉኝ።

መዝገቦቹን ፈልጌ ስጨርስ እኩለ ቀን ሆነ። በዚያው ሰዓት ግራዝማች ብቅ አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ መዝገብ ተቆልሏል፤ የተጻፈ ወረቀት ግን አንድም የለም።

«ምን ስትሠራ ዋልህ?» አሉ።

እሜቴ የሺ ከመስኮቱ ሥር ሆነው፣ «ጌታዬ፣ ገና እያባዘተ ነው» አሉ።

ግራዝማች ዞር ብለው አዩአቸው። ነገሩ አልገባቸውም። «ማታ እንተያያለን» ብለውኝ ሄዱ።

ከምሳ በኋላ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የግልባጮቹ መነሻና መድረሻ ቃል አንድ ስለሆነ፣ ከሦስተኛው በኋላ ጣቶቼ ራሳቸው መንገዱን አወቁት። ያ ያሰለቸኝ ሥራ ያን ቀን እንደ ጨዋታ ሆነልኝ። ዐሥራ ሰባቱንም ጨርሼ በአንድ ላይ ግራዝማች ፊት አስቀመጥሁ። ሲፈርሙ ሲፈርሙ ከመሐል ብዕራቸውን አኑረው ጣቶቻቸውን አፍታቱ። ቀና ብለው አዩኝና መፈረማቸውን ቀጠሉ። ማኅተሙንም ራሳቸው መቱት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው ባዶ ሆነ። እሜቴ የሺ ወረቀታቸውን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩና፣ «እጅህ ይባረክ፤ እግርህም ይረፍ» ብለው መርቀውኝ ወደ ቡሬ በምትሄድ የጭነት መኪና ተሳፈሩ።

በታኅሣሥ ቡሬ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ጤፋቸው ታጭዶ ተከምሯል። «ሰውየውስ?» ብላቸው ሳቁ። «ወረቀቱን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ለአጨዳው ግን ሳልጠራው ማጭዱን ይዞ መጣ» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ግራዝማች የምስጋና ደብዳቤ አረቀቁልኝ። ታይፕ የማደርገው ግን እኔው ነኝ። «በራሱ ብልሃት ሥራውን ስላቀላጠፈ» ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ገብቼ ልነግራቸው አሰብሁ። ግን ወጣት ነበርሁ፤ ምስጋናው ጣፈጠኝ። እንዳለ ጻፍሁትና አለፍሁ።

ደብዳቤውን ልጆቼ ባዩት ቁጥር ይኮሩብኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። እሜቴ የሺ ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን መጻፌም እውነቱ እንዲታወቅ ነው። ብልሃቱ የእሳቸው ነበር፤ የእኔ ጣቶቼ ብቻ ናቸው።